ለሁለት የተሳለ ፀጉር

ሶማያጁሉ ፀጉሩን ማሳደግ የጀመረ ሰሞን በኩቺፑዲ መንደር ሌላ ወሬ አልነበረም። ደግሞስ ሌላ ምን ይወራል! ሃምሳን የተሻገረ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ኢድሊ እያበሰለ የሚሸጥ ሰውዬ ድንገት ተነስቶ እንደ ኮረዳ ፀጉሩን በኮኮናት ቅባት እያሸ ትከሻው ላይ ሲያወርደው፣ አይቶ ዝም የሚል መንደር የት አለ?

ጠዋት ጠዋት የእንፋሎቱን ክዳን ከፍቶ ነጫጮቹን የሩዝ ኢድሊዎች ሲያወጣ፣ አንዲት ዘለላ አፈትልካ ግንባሩ ላይ ትወድቃለች። በክንዱ መለስ ያደርጋታል፤ ደግማ ትወድቃለች።

«ሶማያ፣ ሳምባር ወጡ ውስጥ እንዳትገባብህ!» ይላል የማቺሊፓትናሙ አውቶቡስ ሾፌር ቬንካና፣ አፉ እንደሞላ።

«ብትገባ ያንተ ዕድል ነው። የሳትያባማን ፀጉር በላሁ ብለህ ለልጆችህ ታወራለህ።»

«የትኛዋን ባማ? ራሰ በራዋን?»

ይሄኔ ሱቁ በሳቅ ይናጋል። ሶማያጁሉም አብሮ ይስቃል። እግሩ ግን አይስቅም። ምድጃው ሥር ተረከዙ መሬቱን ይመታል፤ ታ-ካ-ዲ-ሚ፣ ታ-ካ-ዲ-ሚ። ከምድጃው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ በሩ፣ ከበሩ መልሶ ወደ ምድጃው። ይህ ሰው ተቀምጦ የበላበትን ቀን ሚስቱ ካማክሺ አታስታውስም።

ራሰ በራዋ ባማ የተባለበትን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ ምንም አይገባችሁም።

የእኛ መንደር የካህናት ቤት ወንድ ልጅ ስለት ተሸክሞ ነው የሚወለደው። እሱ የተሳለው አይደለም፤ አያት ቅድመ አያቶቹ ናቸው። በጥንት ዘመን አንድ ወጣት ወደ አማቶቹ ቤት ሲሄድ የክሪሽና ወንዝ ሞልቶ መሃል ላይ ያዘው ይባላል። ውሃው አንገቱ ሲደርስ «ጌታዬ፣ ካወጣኸኝ ዓለሙን ትቼ ላንተው እሆናለሁ» ብሎ ጮኸ። ወጣ። መነኮሰም። ከዚያ በኋላ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የምትታየው የጌታው የክሪሽና ሚስት ሳትያባማ ነበረች። ከስምንቱ ሚስቶች ሁሉ ኩሩዋ፣ ቀናተኛዋ፣ አኩራፊዋ። ታሪኳን በዜማ ሠራው፤ የሚጫወተው ግን አጣ። መንደራችን መጥቶ የካህናቱን ልጆች ሰበሰበ፣ አስተማራቸው፣ አባቶቻቸውንም አስማላቸው፦ ከእነዚህ ቤቶች የሚወለድ ወንድ ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ የሳትያባማን ሳሪ ለብሶ ይጨፍራል። አንድ ጊዜ። ቢያምርም ባያምርም አንድ ጊዜ። ጭፈራው የመንደሩን ስም ይዞ አገር ከዞረ፣ ከተማ ያሉ ሴት ልጆችም ከእኛ በልጠው ከተማሩት ቆይቷል፤ ስለቱ ግን የእኛው ነው። ባንክ የገባውም፣ ጠበቃ የሆነውም፣ ቀኑ ሲደርስ ሪዙን ተላጭቶ ይመጣል።

ባማ ደግሞ እንዲሁ ሰተት ብላ አትገባም። ሁለት ሰዎች መጋረጃ ይወጥራሉ። እሷ ከኋላው ለተመልካቹ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች። ፊቷ ሳይታይ፣ ድምጿ ሳይሰማ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ሹሩባዋ ነው። ክንድ የሚያህል፣ ከእንጨት የተፈለፈሉ ወርቅ ቅብ ፀሐይና ጨረቃ የተሰካበት ሹሩባ ከመጋረጃው በላይ ተወርውሮ በተመልካቹ ፊት ይንጠለጠላል። ትርጉሙን የማያውቅ የለም። «በእግርም፣ በዜማም፣ በነገርም የምትበልጠኝ ካለች ትምጣና ትቁረጠው!» ማለት ነው። መቀስ ይዞ የተነሳ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም።

የሶማያጁሉ ተራ የደረሰው ሪዙ ገና ሲያቆጠቁጥ ነው። እግሩ እሳት ነበር፤ ነገሩንም ዜማውንም ጥርት አድርጎ ያውቀዋል፤ ፀጉሩም ወገቡ ድረስ ወርዶለት ነበር። የሚጨፈርበት የቤተ መቅደሱ በዓል ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አባቱ በሳንባ ምች ወደቁ። ልጁ አልጋው ሥር ተንበርክኮ፣ ማንንም ሳያማክር «የቲሩፓቲ ኮረብታ ጌታ ሆይ፣ አባቴን ተውልኝና ፀጉሬን ውሰድ» አለ። ጌታው ሰማ። አባትየው በማግስቱ ቀና ብለው ሩዝ በማንጎ አቻር አምጡልኝ አሉ። ልጁም በባቡር ተሳፍሮ ቲሩፓቲ ሄደ፣ እዚያ እንደ ተሳለ ሰው ሁሉ ተላጨ፣ አናቱን ሰንደል ተቀብቶ እንደ ናስ ድስት እያበራ መጣ።

የጭፈራ መምህሩ ያንን አናት በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። «ልጄ፣ ለአባትህ ደግ ሠራህ። እኔ ግን ሹሩባውን በምን ላይ ልሥራው?»

ሹሩባው ከባለቤቱ ፀጉር ጋር ተጎንጉኖ ነው የሚይዘው። በገመድ አሰሩለት። ያን ዕለት ማታ ሶማያጁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ፣ ደሙ ፈልቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ወነጨፈ። ሹሩባው ከነፀሐዩ ከነጨረቃው በረረ! መጋረጃውን ተሻግሮ፣ መብራቱን ተሻግሮ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ዘና ብሎ ከተቀመጠው ሰው ጭን ላይ አረፈ። ሰውየው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመንደሩ ፀጉር ቆራጭ ኮንዳያ።

ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ «ኮንዳያ ሳይዘፍን አሸነፈ!» ብሎ ጮኸ።

የጭፈራው መሪ የመጀመሪያውን ቃል አቀበሉት። ሶማያጁሉ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ደግመው አቀበሉት። ያ ሁሉ ዓመት ያጠናው ነገር ጭንቅላቱ ላይ እንደነበረው ፀጉር የለም። ከዚያ ሮጠ። ሳሪውን ሰብስቦ በሩዝ ማሳው መሃል ሮጠ፤ የእግሩ ቃጭል የሄደበትን አቅጣጫ ለመንደሩ ሁሉ እያሳበቀበት።

ተቆጠረለት ወይስ አልተቆጠረለትም? ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። ለብሶ ቆሟልና ስለቱ ደርሷል ያሉ ነበሩ። ፊቱን ማን አየና ያሉም ነበሩ። አባትየው ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ። ሶማያጁሉን የበላው ይሄ ዝምታ ነው። ቪጃያዋዳ ሄዶ የባቡር ጣቢያ ወጥ ቤት ሠራ፣ አላስቀምጥ አለው። ተመለሰ፣ አገባ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ኢድሊ ሊበላ የሚመጣው የካህናት ቤት ወንድ ሁሉ ግን አንድ ጊዜ ባማ የሆነ ነው። የባንኩ ጸሐፊ እንኳ፣ እንደ ዳክዬ እየተራመደ ቢሆንም፣ ሆኗል።

ማንም ሳይነቃ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ይለማመዳል። አናቱ ላይ ውሃ የሞላች ትንሽ ማሰሮ፣ እግሩ ሥር የናስ ሳህን። ጉልበቶቹን ወደ ውጭ ከፍቶ በግማሽ ቁጢጥ ይላል፤ የእግሩ ጣቶች የሳህኑን ከንፈር ይነክሳሉ፤ ተረከዙ በተመታ ቁጥር ሳህኑ ከእሱ ጋር ወደፊት ይንሸራተታል። ውሃው መፍሰስ የለበትም። ለዚህ አንገት ምሰሶ መሆን አለበት። የባማ አረማመድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እሷ ስትራመድ አንገቷ በትከሻዋ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ዓይኗ እጇን ይከተላል፤ ኩራቷ ያለው እዚያ አንገቷ ላይ ነው። ማሰሮው ያሰረውን አንገት ባማ ትፈታዋለች ይሉ ነበር መምህሩ።

ጉልበቱ ግን እያለቀ ነበር። የቪጃያዋዳው ሐኪም ጉልበቱን ራጅ አንስቶ አየና «ከበዓሉ በኋላ እንቀይረዋለን፤ ከዚያ ወዲያ ቁጢጥ የሚባል ነገር ይረሱት» አለው። ስለዚህ ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ዛሬ የጭፈራው መሪ የሆነው አብሮ አደጉ ዲክሺቱሉ በየሳምንቱ እየመጣ ፀጉሩን በጣቱ ይለካ ነበር። አንድ ቀን የሹሩባውን ጫፍ ከፀጉሩ ጋር ጎንጉኖ በሁለት እጁ ጎተተ፤ ሶማያጁሉ በሥቃይ ጮኸ።

«ያዘ!» አለ ዲክሺቱሉ እየሳቀ። «አሁን ባማ ሆንሽ፣ አንቺ ሆዳም።»

ሶማያጁሉ ያን ቀን ለገባ ሁሉ ተጨማሪ ኢድሊ በነጻ ሲያድል ዋለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ጥሩ ነበር። ሴት ልጁ ሃይማቫቲ የበኩር ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጥታ ነበርና ምጧ ያዛት። ማቺሊፓትናም ሆስፒታል ገባች፤ ምጡ አልፈታ አለ። ሶማያጁሉ ኮሪደሩን ሲመላለስ ሳያውቀው ተረከዙ ወለሉን ይመታል።

«ኧረ አባቴ፣ ሰው ታሟል እዚህ!» አለችው ነርሷ። «እግርዎን አንድ ነገር ያድርጉት!»

«እኔስ መች ታዘዘልኝ፣ ልጄ።»

ሲነጋጋ ሴት ልጅ ተወለደች። እናቲቱም ደህና፣ ሕፃኗም ደህና። ሶማያጁሉ ለነርሷም ለዘበኛውም ጣፋጭ አደለ። ቤት ሲደርሱ ግን ካማክሺ ሳሪዋን እስከ ግንባሯ ጎትታ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

«ኧረ ይስሙኝ» አለች። የባሏን ስም በዕድሜዋ ጠርታ አታውቅም።

«ምን ሆንሽ? ሁሉም ደህና አይደለም እንዴ?»

«ደህና የሆነው በስለት ነው።»

«እሰይ! ምን ተሳልሽ? ኮኮናት ነው? ለአምላኳ ሳሪ ነው?»

ካማክሺ ቀና አለች። ዓይኗ ከዓይኑ ተነስቶ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ አናቱ ወጣ። ሶማያጁሉ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ፤ ነፋስ ሊወስድበት እንደመጣ ሁሉ።

«የራስሽን አትሳይም ነበር፣ አንቺ ሴትዮ!»

«የራሴንማ መጀመሪያ ሰጠሁ። አልበቃ አለ። ከዚያ እዚያ ኮሪደር ላይ ሆኜ፣ በቤታችን ቢወሰድ ከሁሉ የሚብስብን ነገር ምንድን ነው ብዬ አሰብኩ።»

ሶማያጁሉ ከጥግ ጥግ ተመላለሰ። «እስከ መቼ ነው ያልሽው?»

«ሕፃኗ ስም ወጥቶላት የዥዋዥዌ አልጋዋ ውስጥ ሳትገባ።»

የስም ማውጫዋ ቀን ደግሞ የበዓሉ ዋዜማ ነው።

«ጌታው ትንሽ ቢታገሠን ምን ይለዋል? ሁለት ቀን ብቻ!»

«አንቱ አባትዎ የታመሙ ጊዜ፣ ትንሽ ይታገሡ ብለዋቸው ነበር?»

ስለት ስለት ነው። ሁለቱም ባቡር ተሳፍረው ቲሩፓቲ ሄዱ። እሷ በሴቶቹ በኩል፣ እሱ በወንዶቹ በኩል ተላጩ። ሶማያጁሉ ከወለሉ ላይ የራሱን ፀጉር ለመለየት ጎንበስ አለ፤ ከሺህ ሰው ፀጉር ጋር ተደባልቆ ነበርና አልለየውም። ሁለት ናስ ድስት ሆነው ተመለሱ። ሾፌሩ ቬንካና አየው፤ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ይህ ከስድቡ ሁሉ የባሰ ሆነበት።

ዲክሺቱሉ ግን ዝም አላለም። «አንተ ሰው! ይህ አምላክ ካንተ አናት ላይ ምን ጥሎበት ነው?»

«እሰረው።»

«በምን ላይ ልሰረው? በጆሮህ?»

«በጨርቅ እሰረው አልኩህ! ጉልበቴ ሌላ ዓመት የለውም።»

ዲክሺቱሉ ዞሮ አየው። «እሺ፣ እጠፈንገዋለሁ። አንተ ግን አንገትህን ንቅንቅ እንዳታደርግ። ማሰሮ ተሸክሜያለሁ ብለህ አስብ። ሹሩባውን በእጅህ ቀስ አድርገህ ስቀል፣ ዙረህ ዙረህ ውጣ። ይቆጠርልሃል።»

«አንገቷን የማታንቀሳቅስ ባማ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላየሁም። ሹሩባዋ በሮ የሄደባት ግን አይቻለሁ።»

በማግስቱ ሕፃኗ አልጋዋ ውስጥ ገባች፤ ዘፈኑ ተዘፈነ፤ ስሟም ወጣ። በዓሉም ደረሰ።

ፀሐይ ስትገባ የቤተ መቅደሱ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ኮንዳያ ዛሬም መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው፤ ጥርሱ አልቆ፣ ዓይኑ ግን እንዳለ። ካማክሺ ከሴቶቹ ጋር ሕፃኗን ታቅፋ፣ ሳሪዋን አናቷ ላይ አጥብቃ ተቀምጣለች። ሶማያጁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመ። ሪዙ የለም፤ ዓይኑ ተኩሏል፤ አፍንጫው ላይ ቀለበት አለ፤ ሆዱን ሳሪው በደንብ ይዞለታል። ሹሩባውን በሁለት እጁ አንስቶ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ በመጋረጃው ላይ አሳለፈ። ግቢው ትንፋሹን ያዘ።

ያዘ። ሹሩባው አልወደቀም።

መጋረጃው ተነሳ። ከበሮው መታ፤ ሶማያጁሉ በግማሽ ቁጢጥ ወረደ፤ ጉልበቱ ውስጥ መርፌ ተሰካ። አንገቱ ምሰሶ ነው። ዞረ። ቃሉም ዜማውም እየመጡለት ነው፤ እግሩም አልሳተም። ሰዉ አጨበጨበለት። ቬንካናም አጨበጨበ፤ ታሞ የከረመ ሰው ከአልጋው ወርዶ ሲራመድ እንደሚጨበጨብለት ዓይነት ጭብጨባ። ሶማያጁሉ ሰማው። እንዲህ እንደሆነ ዞሮ መውጣት ይችላል። ሊቆጠርለት ነው። አንድ ጊዜ፣ በቃ፣ አለቀ። ዲክሺቱሉ የመሪነቱን ጠማማ ዘንግ ይዞ ከጎኑ ቆሞ እያየው ነበር፤ በጨዋ እንግዳ ዓይን ነው የሚያየው።

ይህቺማ ባማ አይደለችም አለ በልቡ። ይህቺ ውሃ ቀድታ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሴትዮ ናት።

አንገቱን ለቀቀው።

ወደ ቀኝ ሲንሸራተት ጨርቁ ተላወሰ። ወደ ግራ ሲመለስ ከጆሮው ላይ ወጣ። ከሴቶቹ በኩል «ውይ!» የሚል ተሰማ። ሹሩባው ዘመም ሲል፣ ሶማያጁሉ ሁለት እጁን አንስቶ ራሱ አወለቀው። ያ ናስ ድስት በመብራቱ አበራ። በባማ አረማመድ ዳሌውን እየሰበቀ ወደፊት ሄደና ሹሩባውን ኮንዳያ ጭን ላይ አስቀመጠው።

ጸጥታ ወረደ። ያው ያንን ጊዜ የወረደው ጸጥታ ነበር። በግራ በኩል የሩዝ ማሳው ሽታ መጣ፤ ያኔ የሮጠበት መንገድም እዚያው አለ።

የባማን ባልንጀራ ማዳቪን የሚጫወተው ዲክሺቱሉ ነውና አንድ ነገር ማለት ነበረበት። «እመቤቴ!» አለ፣ ድምፁን አቅጥኖ። «ምን ጉድ ነው? የሚቆርጠው ሳይመጣ ሹሩባሽን ወስደሽ ለፀጉር ቆራጭ?»

ሶማያጁሉ አፉን ከፈተ።

«ማዳቪ፣ አንቺ እኮ የእንጨት ጌጥ ካየሽ ሌላ አይታይሽም። የራሴን ፀጉር ማን እንደወሰደው ጠይቂኝ።»

«ማን ወሰደው እመቤቴ?»

«ባሌ ነዋ!»

«ጌታችን ክሪሽና?»

«ቲሩፓቲ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ስሙን ቢለውጥ የማላውቀው መሰለው? እሱ ራሱ ነው! ልጅ ሳለሁ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። አድጎ አማረብኝ፣ አላስችል አለውና ደግሞ ጠየቀኝ። ስምንት ሚስት አለው፤ ሂጂ ጣውንቴን ሩክሚኒን ጠይቂያት! አንዲት ዘለላ ለምኗት ያውቃል? ከእኔ የበለጠ የተፈለገች ካለች፣ መቀሷን ይዛ ትምጣ!»

ግቢው በሳቅ ሊፈነዳ ነው ስል፣ ከሴቶቹ መሃል አንዷ ተነሳች። ካማክሺ! ሕፃኗን በአንድ እጇ እንደታቀፈች፣ በሌላው እጇ ሳሪዋን ከአናቷ ገፈፈች።

«እኔንም ጠይቆኛል!» አለች።

ሶማያጁሉ ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ አፍንጫው ተነፋ፣ አንገቱ በትከሻው ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ተንሸራተተ። እጁን ወገቡ ላይ ጥሎ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

«አየሽልኝ ማዳቪ? ዞር ስል! በገዛ መንደሬ! ታዲያ ሰዎቹ ለምን ትቀኛለሽ ይሉኛል!»

ቬንካና ከሳቁ ብዛት ከአግዳሚው ወደቀ፤ ይህን የምላችሁ አይቼ ነው። ከበሮ መቺው ምቱ ጠፍቶበት እንደገና ጀመረ። ሶማያጁሉ ከዚያ በኋላ ጨፈረ፤ አኮረፈ፣ ተቆጣ፣ ለክሪሽና መልእክት ላከ፣ መልእክተኛዋን ሰደበ። ጉልበቱ እሳት ሆኖ እንኳ አልተወም። ዲክሺቱሉ የማያውቀውን ነገር እየጠየቀው፣ እሱ የማያውቀውን እየመለሰ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ተሯሯጡ።

ሲያበቃ ዲክሺቱሉ ሹሩባውን ሊቀበል ወደ ኮንዳያ ሄደ። ኮንዳያ በሁለት እጁ ጭኑ ላይ ጫነው።

«አልሰጥም» አለ። «ያን ጊዜ ደንግጬ መልሻለሁ። አሁን ግን ራሷ ናት የሰጠችኝ።»

በማግስቱ ጠዋት የሶማያጁሉ ጉልበት ቅል አህሎ ነበር። ካማክሺ ራሷ ምድጃው ላይ ቆማ እሱን አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው፤ በዚያ ሱቅ ተቀምጦ የታየው ያን ቀን ነው። ቬንካና አውቶቡሱን አቁሞ ገባና ዙሪያውን ቃኘ።

«ራሰ በራዋ ባማ አለች?»

«አቤት!» አለ ሶማያጁሉ።

ካማክሺም ከምድጃው ማዶ ዞር ብላ «የትኛዋን ነው?» አለች።

ሶማያጁሉ ኢድሊውን በኮኮናት ማባያ እያጠቀሰ በላ። አግዳሚው ሥር ግን ደህናው እግሩ መሬቱን ይመታ ነበር። ዓይኑም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የመለማመጃው የናስ ሳህን አልተነቀለም።